የትከሻ ካልሲየም ክምችት፦ ያለ ቀዶ ሕክምና እንዴት ይታከማል?

[የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ለ15 ሰከንድ፤ ከዚያ ዝቅ ይላል]

  

የዛሬው ርዕሳችን የትከሻ ሕመም ነው። ስለ ሁሉም ዓይነት የትከሻ ሕመም ግን አናወራም። የምናወራው በትከሻ ጅማት ውስጥ ካልሲየም ተጠራቅሞ ስለሚያመጣው ሕመም ነው። በተለይ ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በፊዚዮቴራፒ፣ እንዴት እንደሚታከም እናያለን።

ሦስት ጥያቄዎችን እናነሣለን። አንደኛ፣ ይህ ካልሲየም ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ለምን እንደዚያ ያማል? ሦስተኛ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምን ያደርግልናል፣ እኛስ ቤታችን ምን እናድርግ? መሐል ላይ አብረን የምንሠራው አንድ እንቅስቃሴ ስላለ አጠገባችሁ ጠረጴዛ ወይም ጠንካራ ወንበር ቢኖር ጥሩ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

እስቲ እጃችሁን ትከሻችሁ አናት ላይ አድርጉት። ጠንከር ያለ አጥንት ይሰማችኋል። ከዚያ አጥንት ሥር፣ ጠባብ በሆነ ቦታ፣ ጅማቶች ያልፋሉ። ጅማት ስንል ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ማለታችን ነው። አራት ጡንቻዎች በጅማቶቻቸው አማካይነት የክንዳችንን አጥንት አናት ዙሪያውን ይዘውታል። እጃችንን ስናነሣ፣ ስናዞር፣ ነጠላችንን ወደ ትከሻችን ስንጥል ሥራው የእነሱ ነው።

ካልሲየሙ ብዙ ጊዜ የሚጠራቀመው ከእነዚህ ከአራቱ በላይኛው ጅማት ውስጥ ነው። ባለሙያዎች ሱፕራስፓይናተስ ይሉታል። ስሙን መያዝ አያስፈልግም፤ ቦታውን ብቻ ያዙልኝ፦ ትከሻ አናት ላይ፣ ከአጥንቱ ሥር።

ማንን ይይዛል? በአብዛኛው የሚታየው በ30 እና በ60 ዓመት መካከል ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። የስኳር በሽታ ወይም የታይሮይድ ችግር ያለባቸው ሰዎችም ከሌላው ሰው ይልቅ ይጋለጣሉ።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። ካልሲየሙ ያለበት ሰው ሁሉ አያመውም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ቦስዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከ12 ሺህ በላይ ትከሻዎችን የመረመረበትን ጥናት አሳተመ። ከመቶው ትከሻ ወደ ሦስት በሚጠጋው ላይ ካልሲየም አገኘ። ከእነዚያ ውስጥ ግን ብዙዎቹ ባለቤታቸውን አያሙም ነበር፤ ሰዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር።

ይህ ምን ያስተምረናል? ራጅ ላይ ነጭ ነገር ስለታየ ብቻ መደንገጥ እንደሌለብን ያስተምረናል። የሚታከመው ሰውየው ነው እንጂ ፎቶው አይደለም። ይህን ነጥብ አንድ ብላችሁ ያዙልኝ።

[አጭር ዝምታ]

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ካልሲየሙ ከየት መጣ?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ወደ ገበታው ይመለከታል። «ወተት አብዝቼ ይሆን? ጎመኑ ይሆን? ጤፍ ካልሲየም አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንጀራው ይሆን እንዴ?» ይላል።

አይደለም አድማጮቻችን። እውነት ነው፣ ጤፍ በካልሲየም የታወቀ እህል ነው፤ ወተትም እንደዚሁ። ነገር ግን ትከሻ ውስጥ የሚጠራቀመው ካልሲየም ከምግብ ብዛት የመጣ አይደለም። እዚያው ጅማቱ ውስጥ፣ የጅማቱ ሕዋሳት ጠባያቸውን ሲለውጡ የሚፈጠር ነው። ለምን እንደሚለወጡ ሳይንስ ገና አጥርቶ አልደረሰበትም። ምግብ መቀነስ ግን አያጠፋውም።

ስለዚህ አደራ፣ ወተታችሁን አትተዉ። በተለይ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የምታጠቡ፣ ወይም ሐኪም ለአጥንታችሁ ካልሲየም ያዘዘላችሁ፣ ትከሻዬን አመመኝ ብላችሁ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ።

[አጭር ሙዚቃ]

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ለምን እንደዚያ ያማል?

የዛሬው ዝግጅታችን ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በካናዳ ኦታዋ ይሠራ የነበረ ኡትሆፍ የተባለ የአጥንት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህን ሕመም ለዓመታት አጥንቷል። ካልሲየሙ በደረጃ እንደሚሄድ አሳይቷል። በመጀመሪያ ይፈጠራል። ቀጥሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ይህ ወራትም ዓመታትም ሊወስድ ይችላል። በመጨረሻ ሰውነታችን ራሱ ያነሣዋል። ከዚያ ጅማቱ ይጠገናል።

ሲፈጠርና ሲቀመጥ ካልሲየሙ ደረቅ ነው፤ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍበት ጠመኔ። በዚህ ጊዜ ሕመሙ ላይኖር ይችላል፤ ወይም እጅ ከፍ ሲል ብቻ ቆንጠጥ የሚያደርግ ይሆናል። ሰውነት ማንሣት ሲጀምር ግን ያ ጠመኔ ይለሰልስና የጥርስ ሳሙና ይመስላል። የደም ሥሮች ወደ ቦታው ይመጣሉ፤ የሰውነታችን ጽዳት ሠራተኛ ሕዋሳት ካልሲየሙን መብላት ይጀምራሉ። ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ውስጡ ይወጠራል። ያ እንቅልፍ የሚነሣው፣ እጅ የማያስነሣው ከባድ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው።

ገባችሁ? ሕመሙ እጅግ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ ሊወጣ ሲል ነው። ትከሻዬ ተበላሸ፣ አለቀልኝ የምንልበት ሰዓት ሰውነታችን ሥራውን እየሠራ ያለበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ደግሜ ልበለው፦ የሕመሙ መበርታት የጉዳቱ መባስ ማለት አይደለም። ከባዱ ሕመም ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። የሕክምናው ሥራ ሰውነት ይህን እስኪጨርስ ድረስ ሕመሙን ማስታገስ፣ ትከሻው እንዳይደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያም ጉልበቱን መመለስ ነው።

[ሙዚቃ ለ10 ሰከንድ]

ወደ ሕክምናው ከመግባታችን በፊት፣ የትከሻ ሕመም ሁሉ ይህ አይደለምና፣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያለባችሁ መቼ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከትከሻው ሕመም ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ትከሻውም ከቀላና ካበጠ፣ ዛሬውኑ ሂዱ። ወድቃችሁ ወይም ተመትታችሁ እጃችሁ አልነሣ ካለ፣ ሂዱ። እጃችሁ ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሂዱ። ያለ ምክንያት እየከሳችሁ ከሆነ፣ ሂዱ። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ የልብ ሊሆን ይችላልና አንድ ደቂቃም አትቆዩ።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ዘንድ ትከሻ ሲያም ብዙ ጊዜ «ብርድ መታኝ» እንላለን። ጋቢ እንደርባለን፣ ቅባት እንቀባለን። ሙቀቱ የደረቀ ትከሻን ያፍታታል፤ አይከፋም። አንዳንዶቻችን ግን ወደ ወጌሻ እንሄዳለን። ወጌሻ በኅብረተሰባችን የተከበረ ሰው ነው። ሆኖም የተቆጣ ጅማት በኃይል ሲታሽና ሲጎተት ይብስበታል። ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ትከሻችሁን ማንም በጉልበት እንዳያዞረው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው እርጋታ ነው።

[አጭር ዝምታ]

እሺ፣ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ስንሄድ ምን ይደረግልናል?

ለምሳሌ እንዲሆነን አንዲት ሹሩባ ሠሪ እናስብ። ዕድሜዋ 42 ነው እንበል። ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ ሁለት እጇን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ ትሠራለች። ቀኝ ትከሻዋን ቆንጠጥ ያደርጋት ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ሌሊት ግን ሕመሙ ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። ሐኪም ራጅ አስነሣትና ካልሲየሙን አየ፤ ወደ ፊዚዮቴራፒም ላካት።

ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው መጠየቅ ነው። መቼ ጀመረሽ? ሌሊት ያምሻል? የትኛው እንቅስቃሴ ያብስብሻል? ሥራሽ ምንድን ነው? ከዚያ እጇን ወደ ጎን ቀስ ብላ እንድታነሣ ይጠይቃታል። ክንዷ ከጎኗ ተነሥቶ ወደ ትከሻዋ ትክክል ሲቃረብ ፊቷ ይጨማደዳል፤ ከዚያ በላይ ሲያልፍ ደግሞ ሊቀላት ይችላል። ሕመሙ የት እንደሆነ አሳዪኝ ሲላት ትከሻዋን ብቻ ሳይሆን የክንዷን የውጭ ጎን በመዳፏ ትደባብሳለች። ቀጥሎ ባለሙያው ራሱ እጇን ይዞ ያንቀሳቅሰዋል፤ የደረቀ መገጣጠሚያ ነው ወይስ ያመመ ጅማት የሚለውን የሚለየው በዚህ ነው። አንገቷንም ይመለከታል፤ የአንገት ነርቭ ችግር ትከሻ ላይ ሊሰማ ይችላልና።

ከዚህ በኋላ ሕክምናው በሁለት ምዕራፍ ይከፈላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የማረጋጋት ነው። ሁለተኛው የማጠንከር ነው። ማረጋጋት፣ ከዚያ ማጠንከር። ቅደም ተከተሉን አትርሱ።

[አጭር ሙዚቃ]

የማረጋጋቱ ምዕራፍ እንዴት ነው?

አንደኛ፣ እጃችሁን ከሚያብስባችሁ ሥራ አሳርፉት፤ ግን አንጠልጥላችሁ አታስቀምጡት። እጅን በሻሽ አንገት ላይ አስሮ ለሳምንታት መቀመጥ ትከሻውን ያደርቀዋል። ማረፍ ማለት መቀነስ ነው እንጂ ጨርሶ ማቆም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቀዝቃዛ ነገር። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትከሻ ላይ ማድረግ ብዙ ሰዎችን ያሳርፋል። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ።

ሦስተኛ፣ አተኛኘት። የሚያማችሁ ጎን ላይ አትተኙ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጋቢ አጥፉና ከክርናችሁ ሥር አድርጉት፤ ክንዳችሁ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ይደግፈዋል። በጎን መተኛት ከወደዳችሁ በደህናው ጎን ተኙና ትራስ አቅፉ፤ የሚያመው ክንድ ትራሱ ላይ ይረፍ።

አራተኛ፣ የሕመም ማስታገሻ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉት ሕመሙን ያበርዳሉ። ነገር ግን ጨጓራ፣ የኩላሊት ችግር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁም ጭምር፣ ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ። ጎረቤት የተረፈውን ሲሰጣችሁም አትቀበሉ። ሐኪም ይወስንላችሁ።

አምስተኛው አሁን አብረን የምንሠራው እንቅስቃሴ ነው። ምጣድ ላይ ያላችሁ፣ መኪና የምትነዱ፣ ሕፃን ያቀፋችሁ አሁን አትሞክሩት፤ አዳምጣችሁ በኋላ ትሠሩታላችሁ። ሌሎቻችሁ ተነሡ።

[ለስለስ ያለ ሙዚቃ ከሥር ይቀጥላል፤ አቅራቢው ቀስ ብሎ ይናገራል]

ጠረጴዛው አጠገብ ቁሙ። ደህና እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፉ። እግሮቻችሁን ፊትና ኋላ አድርጉ። አሁን ከወገባችሁ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ።

የሚያማችሁን እጅ ወደ መሬት ልቀቁት። ይንጠልጠል። ትከሻችሁን አታጠንክሩ። ጣቶቻችሁ ልል ይሁኑ። ክብደቱን መሬት ይሳበው።

አሁን ሰውነታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝወዝ አድርጉ። እጁን በጉልበት አታወዛውዙት፤ የሰውነታችሁ እንቅስቃሴ ያወዛውዘው። ወደ ፊት... ወደ ኋላ... ወደ ፊት... ወደ ኋላ...

[5 ሰከንድ ዝምታ]

አሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ቀስ እያላችሁ... ቀጥሎ ትንሽ ክብ። ክቡ የሰሐን ያህል ቢሆን በቂ ነው። ትንፋሻችሁን አትያዙ።

[5 ሰከንድ ዝምታ፤ ሙዚቃው ይቆማል]

ይበቃል። ቀና በሉ፤ ቀስ ብላችሁ፣ እንዳያዞራችሁ።

ይህ እንቅስቃሴ ኮድማን በተባለ የቦስተን ሐኪም ስም ይጠራል፤ እስከ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ሞክሩት። የሚያዞራችሁ ወይም ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ መጎንበሱን ተዉት፤ ባለሙያው ሌላ መንገድ ያሳያችኋል።

[አጭር ሙዚቃ]

የሌሊቱ ሕመም በርዶ መተኛት ስትችሉ ሁለተኛው ምዕራፍ ይጀምራል፦ ማጠንከር።

መጀመሪያ እንቅስቃሴው ይመለስ። ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡ። እጃችሁን ፎጣ ላይ አድርጉና ፎጣውን ወደ ፊት ግፉት፤ ሰውነታችሁም ተከትሎ ያዘንብል። ትንሽ መሳብ ሲሰማችሁ ቁሙ፤ ተመለሱ። 10 ጊዜ። በየቀኑ ፎጣው ትንሽ እየራቀ ይሄዳል።

ቀጥሎ የግድግዳው እንቅስቃሴ ነው። የሚያመው ጎናችሁ ወደ ግድግዳው ሆኖ ቁሙ። ክርናችሁን አጥፉና ከጎናችሁ ጋር አጣብቁት፤ እጃችሁ ወደ ፊት ይሁን። የእጃችሁን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳርፉና በቀስታ ግፉ። ግድግዳው አይሄድም፤ ጡንቻችሁ ግን ይሠራል። እስከ 5 ቁጠሩ፤ ልቀቁ። ይህንንም 10 ጊዜ።

ሦስተኛው ለጀርባችን ነው። ከኋላችን ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ቦታውን ካልያዘ ጅማቱ የሚያልፍበት መንገድ ይጠብበታል። ስለዚህ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሁለቱን ትከሻችሁን ወደ ኋላና ወደ ታች ሳቡ። እስከ 5 ቁጠሩ፤ ልቀቁ። በሥራ መሐል፣ ደንበኛ እስኪመጣ፣ ታክሲ ስትጠብቁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ጡንቻው ሲበረታ ባለሙያው የሚለጠጥ ላስቲክ ወይም ቀላል ክብደት ይጨምርላችኋል። ያኔ አትቸኩሉ፤ ትንሽ በትንሽ ነው።

«ሲያመኝ ልቀጥል ወይስ ላቁም?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ስትሠሩ ቀላል ሕመም ቢሰማችሁ፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ቢጠፋ፣ ቀጥሉ። በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ ከትናንቱ ብሶ ከጠበቃችሁ ግን በዝቷልና ቀንሱ። የማግስቱ ጠዋት ይንገራችሁ። ይህን ያዙት።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት መሥራት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ወራት ይረዝማል። በሳምንቱ አልተሻለኝም ብላችሁ አትተዉት።

[ሙዚቃ ለ10 ሰከንድ]

አሁን ስለ መሣሪያዎቹ። ብዙ ሰው ፊዚዮቴራፒ ሲባል የሚያስበው መሣሪያ ነው። ሁለቱን እንይ።

የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ነው። ይህ ፅንስ ከሚታይበት ይለያል፤ ለማከሚያ የተሠራ ነው። ባለሙያው ትከሻችሁን ጄል ይቀባና የመሣሪያውን ራስ በክብ ያንቀሳቅሰዋል። በ1999 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቪየና ሐኪሞች ይህን በጥንቃቄ ፈተኑት። አንዱን ወገን በእውነተኛው መሣሪያ፣ ሌላውን በይስሙላ አከሙ። ሕክምናው 24 ጊዜ፣ በየጊዜውም 15 ደቂቃ ነበር። ከዘጠኝ ወር በኋላ በራጅ ሲታይ በእውነተኛው ከታከሙት ትከሻዎች ከመቶ 42ቱ ካልሲየሙ ጨርሶ ጠፍቶላቸው ነበር፤ በይስሙላ ከታከሙት ከመቶ 8ቱ ብቻ።

ደስ ይላል አይደል? ግን እስከ መጨረሻው እንስማ። ሕክምናው ባለቀበት ሰሞን በእውነተኛው የታከሙት ሕመማቸው በይበልጥ ቀንሶ ነበር። ዘጠነኛው ወር ላይ ግን በሁለቱ ወገኖች ስሜት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ማለትም ጊዜ ራሱ ብዙዎቹን አሽሏል። አልትራሳውንድ ሊያግዝ ይችላል፤ ነገር ግን ጄልና መሣሪያ ብቻ ተደርጎላችሁ እንቅስቃሴ ሳትማሩ የምትመለሱ ከሆነ ሕክምናው ግማሽ ነው። «ቤቴ የምሠራውን አሳዩኝ» በሉ፤ መብታችሁ ነው።

ሁለተኛው ሾክ ዌቭ ይባላል፤ ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ማለት ነው። መነሻው የኩላሊት ጠጠር ሕክምና ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ሙኒክ ከተማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሰው የኩላሊት ጠጠር ያለ ቢላዋ በዚህ ሞገድ ተሰባበረ። ኋላ ላይ ለጅማት ሕመምም ዋለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የታተመ፣ ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ 144 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሾክ ዌቭ ከይስሙላው ሕክምና እንደሚሻል፣ ኃይሉ ከፍ ያለው ደግሞ ከዝቅተኛው ይበልጥ እንደሚያሽል አሳይቷል።

ሲደረግላችሁ ምን ይሰማችኋል? ጄል ይቀባል፤ መሣሪያው ትከሻ ላይ ይደገፋል፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በየምቱ ቦታው ይነዝራል። ያማል፤ የሚቻል ግን ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሊቆጣ፣ ቆዳው ሊቀላ ወይም ሊበልዝ ይችላል። ብዙ ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ልዩነት ይደጋገማል።

ለሁሉም ሰው አይሆንም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ፣ በቦታው ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ካለ፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ። መሣሪያው በየከተማው አይገኝም፤ ዋጋውም ላይቀል ይችላል። ስላጣችሁት ግን ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ሰው የሚድነው በእንቅስቃሴ፣ በትዕግሥትና በጊዜ ነው።

እግረ መንገዳችንን ስለ መርፌም እንናገር። ሐኪም የስቴሮይድ መርፌ ሊወጋ ወይም ምስል በሚያሳየው አልትራሳውንድ እያየ ካልሲየሙን በመርፌ አጥቦ ሊስብ ይችላል። ይህ የሐኪም ውሳኔ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የታተመ፣ ኖርዌይና ስዊድን ውስጥ የተደረገ ጥናት ይህን እጥበት ከይስሙላው ጋር ሲያነጻጽር ከአራት ወር በኋላ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ መርፌውን ካልተወጋሁ አልድንም ማለት ልክ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ደግሞ ለወራት በሚገባ ታክመው ላልተሻላቸው ጥቂት ሰዎች የሚቀር ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

ወደ ሹሩባ ሠሪዋ እንመለስ። ትከሻዋ እየተሻለ ነው። ሥራዋ ላይ ግን ምን ትለውጥ? ደንበኛዋን ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ታስቀምጥ፤ እጆቿ ከትከሻዋ በታች ይሁኑ። በየመሐሉ እጇን አውርዳ ታፍታታ። ረጃጅሙንና ቀጫጭኑን ሹሩባ በአንድ ቀን አትደራርብ።

እናንተስ? አስተማሪ ከሆናችሁ ከሰሌዳው በደረታችሁ ትክክል ያለውን ክፍል ተጠቀሙ። እንጀራ የምትጋግሩ፣ የምጣዱን አክንባሎ በሁለት እጃችሁ፣ ወደ ሰውነታችሁ አቅርባችሁ አንሡ። ጀሪካን ስትሸከሙ አንዱን ትልቅ ከመያዝ ሁለት ትንንሽ ይሻላል። የልብስ ማስጫ ገመዳችሁን ዝቅ አድርጉት። ታክሲና አውቶቡስ ውስጥ ከላይ ያለውን ብረት በደህናው እጃችሁ ያዙ።

[ለስለስ ያለ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል]

አድማጮቻችን፣ ወደ ማጠቃለያው ደርሰናል። ጥያቄውን ልጠይቅ፤ መልሱን እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ በሉት።

ካልሲየሙ የመጣው ከወተትና ከእንጀራ ነው? አይደለም። ምግባችሁን አትቀንሱ።

ሕመሙ በጣም ሲበረታ ትከሻው ተበላሸ ማለት ነው? አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰውነት ካልሲየሙን እያነሣ ነው።

እጄን አስሬ ልቀመጥ? አይሆንም። በጉልበትስ ላስዞረው? እሱም አይሆንም። መጀመሪያ ማረጋጋት፣ ከዚያ ማጠንከር።

መብዛቱን በምን አውቃለሁ? በማግስቱ ጠዋት ስሜት።

መሣሪያ ካላገኘሁስ? እንቅስቃሴውን ተማሩ፤ ሳትሰለቹ ሥሩ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይኸውላችሁ። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ውስጥ ትከሻውን የሚያመው ሰው ካለ፣ ሌሊት ሌሊት የሚያመው እንደሆነ፣ ትኩሳት ያለው እንደሆነ፣ ወድቆም እንደሆነ ጠይቁት። የአደጋ ምልክት ካለው ዛሬውኑ ሐኪም ጋ አድርሱት። ከሌለውም በግምት ተወስኖ እንዳይቀር፣ ተመርምሮ ፊዚዮቴራፒ እንዲጀምር አበረታቱት። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንቅስቃሴውን አቋርጦ እንደሆነ ጠይቁት፤ ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚተወው ሊሻለው ሲል ነውና።

የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን የደረቀ ትከሻን ይመለከታል፤ ዛሬ ካወራነው በምን እንደሚለይና የስኳር ሕመምተኞች ለምን በተለይ እንደሚጠነቀቁ እናነሣለን። ጥያቄ ያላችሁ ከአሁኑ ጻፉልን። 

[የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ይላል]